ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩንባ

ዛሬ ጠዋት ጥሩንባ ተነፋ። ከአልጋዬ ሳልወርድ ጆሮዬን አቆምኩ። አንድ ረጅም ከሆነ ልቅሶ ነው፣ ሁለት አጭር ከሆነ ቦይ ጠረጋ። ሁለት አጭር ነበር። ቦት ጫማዬን ሳጠልቅ ብቻዬን ሳቅኩ። ይሄን የሁለት አጭር ነገር ያመጣነው እኔና ጋሽ በቀለ ነን፤ ያውም የስድብ መዓት ወርዶብን።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አስራ ስድስት ዓመቴ ላይ አንድ ድርጅት ከአቃቂ ጥቂት ልጆች መርጦ ሩዋንዳ ለትምህርት ላከን። «ውጭ ሊሄድ ነው» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ አውሮፓ መስሎት ሸኘኝ። ኪጋሊ ነው ስለው «ከቃሊቲ ስንተኛው ፌርማታ ነው?» ያለኝ ጀለስ አለ። እናቴ ቆሎና በሶ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። እዚያ አገር ደግሞ ፌስታል ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ወሰዱብኝ። ቆሎውን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ገለበጥኩት። በሶውን ምን ላርገው? በሸሚዝ ቋጠርኩት። ትምህርት ቤቱ ስደርስ ዱቄት ፋብሪካ የዋልኩ ነበር የምመስለው።

ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ነው። አፈሩ ቀይ፣ ምግቡ ቦሎቄና የተቀቀለ ሙዝ። ሙዙን መጀመሪያ ቀን ድንች ነው ብዬ ጎርሼ ፊቴ ተጨማደደ፤ ዛሬ ግን ባገኘው ሁለት ሳህን እበላለሁ።

በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል። እኛንም ከአዳሪ ቤት አወጡን። እኔ ያኔም ንዴታም ነኝ፣ አሁንም ነኝ። ለቀን ሥራማ አቃቂ ምን አነሰኝ ብዬ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። የሰፈሩ ኃላፊ ማማ ክሎዲን የሚባሉ፣ ሳቃቸው ከማዶ የሚሰማ ወፍራም ሴትዮ ነበሩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ገጠምን።

«እኔ የውጭ ዜጋ ነኝ» አልኳቸው።

«ዝናቡ ፓስፖርት ጠይቆህ ነው የሚመታህ?» አሉና አካፋውን አስጨበጡኝ።

ቦይ ጠረግን። በአንድ ጎኔ ባንክ የሚሠራ ሰውዬ፣ በሌላው ጎመን የምትሸጥ ሴት። ሥራው ሲያልቅ ሣር ላይ ቁጭ ብለው ስለ ሰፈራቸው ይጨቃጨቃሉ፣ ደግሞ ይሳሳቃሉ። ቋንቋው አይገባኝም፤ ጭቅጭቁ ግን ጣመኝ። መላእክት ስለሆኑ አይደለም፣ ግዴታ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። ግን እኔ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ያቺን ቅዳሜ መናፈቅ ጀመርኩ። ዝናብ ሲጥል የጠረግኩት ቦይ ዳር ሄጄ እቆምና ውሃውን «ሂድ! ሂድ!» እለዋለሁ፤ እሱም ይሄዳል። በሕይወቴ ያልኩትን የሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ፕሮግራሙ ተዘጋና ትምህርቴን ሳልጨርስ ተመለስኩ። አቃቂ ክረምት ገብቷል። ሰፈራችን ከድሮው ባቡር ሐዲድ ወረድ ብሎ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ፣ ከወሎ መጥተው እዚሁ በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ ሴት፣ በር ላይ ያዙኝ።

«ታዲያ ከውጭ ምን ይዘህ መጣህ፣ የኔ ልጅ?»

«ራሴን።»

«እሱንማ ይዘኸው ሄደህ ነበር!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ በግኜ ገባሁ።

እትዬ ዘይነብ ግን ያን ሰሞን ከሳቃቸው ጀርባ ጭንቅ ነበረባቸው። ልጃቸው ለይላ ልታገባ ነው። ሙሽራው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፣ የእረፍት ፈቃድ ያገኘው ለሰርጉ ሳምንት ብቻ ነው። ድንኳኑ እንደ ወጉ በራቸው ፊት፣ መንገዱ ላይ ነው የሚተከለው። መንገዱ ደግሞ ኩሬ ሆኗል። ቦዩ በላስቲክና በጭቃ ተደፍኖ ውሃው ደጃፋቸውን ይልሳል። ወረዳ ቢሮ ተኪዶ «ቦይ የሚጠርግ ማሽን ይመጣል» ተብሏል። ለአዳራሽ አቅም የለም። ለይላ «ኒካው ቤት ውስጥ ይታሰርና ይብቃ» ስትል እትዬ ዘይነብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በሰፈሩ ሰርግ ሁሉ ላይ ያጨበጨቡ ሴትዮ እኮ ናቸው!

በየቤቱ አንኳኳሁ። ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዛችሁ ውጡ አልኩ። «ጎበዝ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው» ያላለኝ የለም። ቅዳሜ ጠዋት የወጣነው እኔና አንድ ውሻ ነን።

ሳምንቱን ሙሉ ስበግን ከረምኩ። ኪጋሊ ሰውን ቅጣት ያወጣዋል፤ እኛ ጋስ ምን ያወጣዋል? ልቅሶ! አርብ ከሰዓት፣ ሰርጉ እሁድ ሊሆን፣ ጋሽ በቀለ ጋ ሄድኩ። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት በማለዳ እየዞሩ ሲነፉ ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ይንፉልኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ሰው ሳይሞት? አብደሃል እንዴ! እድሩ ነው የሚያባርረኝ!»

«ሰርጉ ከቀረ እትዬ ዘይነብ በብስጭት ይሞታሉ። ያኔ መንፋትዎ አይቀር፤ ቀደም ቢያደርጉት ምን ችግር አለው?»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው። «ከተሰደብን አብረን ነው፣ አንተ ቀልማዳ» አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ጥሩንባው ጮኸ። በር ሁሉ ተበረገደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጥቁር ካፖርት ደርበው ወጡ። ባለ ዳቦ ቤቷ አልማዝማ ከደጇ ጀምራ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለች ነው። «ማነው? ማነው?» ይባባላሉ። እኔ ኩሬው መሀል አካፋ ይዤ ቆሜያለሁ፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ።

«ቦዩ ነው የሞተው!» አልኩ። «ቀብሩ አሁን ነው፣ አካፋ ያለው ያምጣ!»

ነገሩ ሲገባቸው ስድቡ ዘነበ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ግርማ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ፦ «ውጭ ድረስ ሄደህ የተማርከው ይሄን ነው? በሰው ልብ መጫወት?»

እኔም አፌ አያርፍም። «ሰው ሲሞትማ ትሮጣላችሁ! በቁሙ ውሃ ሲበላው ግን መስኮት ትዘጋላችሁ! ለይላ ነገ ሙሽራ ናት፤ በዋና ነው የምትወጣው?»

ያኔ ሁሉም ዞር አለ። እኔን አይደለም ያዩት፤ እትዬ ዘይነብን ነው። በራቸው ላይ ቆመው ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አልማዝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና «እንግዲህ አንዴ ወጥቻለሁ፣ ባዶ እጄን አልገባም» ብላ ባልዲ አመጣች። ሌላው ተከተላት። አቶ ግርማ ካፖርታቸውን አጥር ላይ ሰቀሉና «ጭቃ ብታስነካው ወዮልህ!» ብለው አካፋዬን ነጠቁኝ።

እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። የልቅሶ ልብስ የለበሰ ሰፈር ጭቃ ይዝቃል። ከቦዩ ውስጥ ያልወጣ ነገር የለም፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ፍራሽ ሁሉ። ፍራሹ ሲጎተት ውሃው አጉረመረመ፣ ዞረ፣ ከዚያ ሄደ! «ሂድ! ሂድ!» ብዬ ጮህኩ። ሰፈሩ አብሮኝ ጮኸ። እትዬ ዘይነብ እልልታውን አቀለጡት፣ ከዚያ ትኩስ አምባሻና ሻይ ይዘው ወጡ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን እየበላን መጨቃጨቅ ጀመርን። ልክ እንደ ኪጋሊ፤ ልዩነቱ ይሄኛው ይገባኛል።

«ሁለተኛ ሰው ሳይሞት እንዲህ ይነፋና!» አሉ አቶ ግርማ አፋቸው አምባሻ እንደሞላ። «ለልቅሶ አንድ ረጅም፣ ለቦይ ሁለት አጭር። አለቀ!»

በማግስቱ ለይላ በነጭ ጫማ ወጣች። ጫማው ነጭ እንደሆነ መኪናው ጋ ደረሰ።

ንዴቴ አለቀ እንዳትሉ። ማሽኑ ዛሬም አልመጣም፣ መምጣት ደግሞ አለበት፤ በጠረግን ቁጥር እሱን እያነሳሁ እሳደባለሁ። ግን ብቻን ቤት ቁጭ ብሎ መበገንና አካፋ ይዞ ከሰው ጋር መበገን አንድ አይደለም። ሁለተኛው ያስቃል።

ዛሬ ጠዋት ስወጣ ታዲያ በቅርብ የተከራየች አዲስ ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደንግጣ ቆማለች። እትዬ ዘይነብ የለይላን ልጅ ታቅፈው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለቻቸው።

«ማንም አልሞተም፣ ልጄ» አሉና በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይሄ ልጅ ከውጭ ይዞት የመጣው ነው።»