የዘጠነኛ ለ ወረቀቶች

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ክፍላችን መጋዘን ሲጸዳ አሮጌውን የስቴንስል ማባዣ ጎትተው ኮሪደሩ ላይ አወጡት። በዚያ ሳልፍ ሽታው አፍንጫዬን መታው፤ ያ የጥቁር ቀለምና የእርጥብ ወረቀት ሽታ። ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። የጽዳቷ ልጅ "እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ምን ያመኛል! ድንገት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው እንጂ።

አንቺ ስለ ጥናትሽ ልታማክሪኝ መጥተሽ እኔ የራሴን ላወራሽ ነው፤ እንግዲህ ቻይው።

ዘመኑ የደርግ ነው። በዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ክፍል አራተኛ ዓመት ደርሼ፣ ለመመረቅ የቀረኝ አንድ የጥናት ጽሑፍ ብቻ ነበር። እሱን ካላስገባሁ ምርቃት የለም፤ ምርቃት ከሌለ ምደባም ደመወዝም የለም፤ እስቴ ያለችው እናቴ ደግሞ ለምርቃቴ ብላ በግ ማድለብ ከጀመረች ሰንብታለች። ርእሴን ስነግርሽ እንዳትስቂ። ተማሪ የእንግሊዝኛ ምንባብ ድምፁን አውጥቶ በኅብረት ከሚያነብ፣ ዝም ብሎ በዓይኑ ቢያነብ ይበልጥ ይገባዋል የሚል ነው። ከመጻሕፍት ያገኘሁት ነው፤ እኔም እንደ ሃይማኖት ይዤው ነበር።

ይህን ለማሳየት ሁለት ክፍል ያስፈልገኛል። አንዱን እኔ በአዲሱ መንገድ አስተምራለሁ። ሌላውን የራሱ መምህር እንደ ልማዱ፣ እያነበበ እያስነበበ ያስተምራል። ምንባቦቹ ለሁለቱም አንድ ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለቱም አንድ ፈተና ይፈተናሉ፤ የእኔዎቹ በልጠው ከተገኙ ጥናቴ ሠመረ ማለት ነው። ካልበለጡስ? እሱን አላሰብኩበትም። በሃያ ሁለት ዓመት ማን ያስባል!

በየካቲት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አስወጥቼ፣ አዲስ አበባ በዚያ ማባዣ የተባዙትን ምንባቦችና ፈተናዎች በካርቶን አስሬ፣ ከእስቴ የማትርቀው ንፋስ መውጫ ገባሁ። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። የሁለተኛ ደረጃው የእንግሊዝኛ መምህር ካፖርት ለብሰው፣ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ተቀበሉኝ። ዕቅዴን በጥሞና ሰሙና "ዝም አሰኝተሽ ልታስተምሪ? እነዚህን?" ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ዘጠነኛ ሀን ለእኔ ሰጡኝ፤ ዘጠነኛ ለ ከእሳቸው ጋር ቀረ።

የዘጠነኛ ሀ አለቃ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ይበልጥ ነበር፤ ከእኔም ብዙ አያንስም። ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ደብር ድጓ ሲማር ኖሮ ነው ዘግይቶ አስኳላ የገባው። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን አደልኩና "በዓይን ብቻ! ከንፈር እንዳይንቀሳቀስ!" አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ነፋሱ ሲያንኳኳው ብቻ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ከወደ ኋላ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ድምፅ ተነሣ። እሱ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

ብድግ አለ። "ይቅርታ የኔታ፤ ካልሰማሁት እኮ አይያዝልኝም።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስቲ አስቢው፤ አፍሮ ጠጉር፣ አጭር ቀሚስ፣ እና የኔታ! እሱም በሐፍረት አፉን ያዘ፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ ሆኜ ቀረሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኳቸው። እዚህ የምንማረውን ለዘጠነኛ ለ ልጆች እንዳትነግሩ፣ ጥናቴ ይበላሽብኛል አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። አለቃው ወለሉን እያየ "እሺ" አለኝ። እኔም የዚያው አገር ልጅ ሆኜ፣ ያገሬ "እሺ" ስንት ዓይነት እንደሆነ እያወቅሁ፣ አምኜ ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያጃጅላል ልጄ።

ሦስቱ ሳምንታት ደስ የሚሉ ነበሩ። ከሁሉ የማልረሳው ባሕር ላይ ማዕበል ስለያዘው ዓሣ አጥማጅ የሚያወራውን ምንባብ ነው። ከልጆቹ አንዳቸውም ባሕር አላዩም። እንዴት ላስረዳቸው? በመጨረሻ በመስኮቱ ወደሚታየው ተራራ ዞር ብዬ "ጉናን የሚያህል ውሃ ብድግ ብሎ ሲመጣባችሁ አስቡት" አልኩ።

"ጉናን? እንዴ! ሸሽቶስ የት ይደረሳል!" አለ ከፊት የተቀመጠው፤ የሁሉም ዓይን ፈጠጠ። ያን ቀን በራሴ ኮራሁ።

ፈተናው ተሰጠ። ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ማረም ጀመርኩ። በወረቀቶቹ ላይ ስም የለም፤ ለጥናት ነውና ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቻለሁ። የዘጠነኛ ሀን ጨረስኩ፤ ጥሩ ነው። የዘጠነኛ ለን የመጀመሪያ ወረቀት አነሣሁ። "ማዕበል ምንድን ነው?" ለሚለው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ "ጉናን የሚያህል ውሃ ሲነሣ ነው" ይላል። ሁለተኛውን አነሣሁ፤ ጉና። ሦስተኛውም ጉና። የቀሩትን በችኮላ አረምኩ። ስደምር ሁለቱ ክፍሎች እኩል ሆኑ፤ እንዲያውም ዘጠነኛ ለ በጥቂቱ ከፍ አለ።

ወረቀቶቹን አፍሼ ወደ መምህሩ ሮጥኩ። "ጋሼ፣ ስለ ጉና እርስዎ ነዎት የነገሯቸው?"

"ጉናን ደግሞ ከባሕር ጋር ምን አገናኘው?" አሉ። ወረቀቶቹን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ገባቸውና ጠረጴዛውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ነይ፣ ማታ ማታ የሚሰበሰቡበትን ላሳይሽ" አሉኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከጽዶቹ ሥር ወሰዱኝ። ፀሐይዋ በቅጠሎቹ መካከል ቢጫ ሆና ትገባለች፤ የረገጥነው ጦስኝ ይሸታል። ፈተናው ቢያልቅም ሁለቱም ክፍሎች እንደ ልማዳቸው ተደባልቀው፣ ሀ ከለ ሳይለይ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አለቃው መሐላቸው ድንጋይ ላይ ነው። ያንን የእኔን ዓሣ አጥማጅ አንዲት ሐረግ ይላል፤ ሁሉም ተከትለው ይላሉ። ቃሉ የፈረንጅ፣ ዜማው የቤተ ልሔም! እየተወዛወዙ፣ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያወርዱታል። ማዕበሉ ጋ ሲደርሱ አለቃው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ፤ ሁሉም እጃቸውን ሰቅለው "ጉና!" ብለው ጮኹና በሳቅ ተንከባለሉ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ደሜ ፈልቶ መሐላቸው ገባሁ። "አትንገሩ አላልኳችሁም? እሺ አላልከኝም?"

አለቃው ተነሥቶ ነጠላውን ከትከሻው አወረደ። "የኔታ፣ እሺ ያልኩት እንዳላስቀይምዎ ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ቀለም የያዘ ሰው ላልያዘው ሳያስቀጽል አያድርም። እንጀራ እንኳ ተደብቆ አይበላም፤ ትምህርት ይደበቃል እንዴ?"

ማስቀጸል እንዲያ ነው፤ አንዱ ይላል፣ ሌላው ተከትሎ ይላል፣ እስኪይዘው ድረስ። ዝም ብለው ያነቡት የኔ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። ሁለቱን ክፍል ለመለየት አገር አቋርጬ መጣሁ፤ እነሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ክፍል አድርገውብኛል። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ። እስካሁን ሳስበው እንዲያ ያደርገኛል።

ስንመለስ መምህሩ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው "ከለ ወረቀቶች ላይ ጥቂት ጥቂት ብትቀንሺ ማን ያውቃል? እኔ አላየሁም" አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው። እውነቱን ልንገርሽ? አስቤዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ ከሁሉ የበለጠውን ወረቀት ፊቴ ዘረጋሁት፤ የዘጠነኛ ለ ነው፤ ጽሕፈቱ ትንንሽ፣ አንድም ስርዝ የለውም። እናቴም በጉም ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። እስክሪብቶውን ከደንኩት።

የአማካሪዬን ነገር ልጨርስልሽ። ህንዳዊ ነበሩ። የሆነውን ሁሉ እንደሆነ አድርጌ አቀረብኩላቸው፤ መነጽራቸውን አወለቁ። ጥናትሽ ወድቋል አሉኝ። ቀጥለው ግን ርእሱን ለውጠሽ ከጽዱ ሥር ያየሽውን ጻፊ አሉ። ጻፍኩ። ማለፊያ ውጤት ሰጡኝ፤ በጉም ታረደ።

ልነግርሽ የፈለግሁት ግን የመጨረሻውን ቀን ነው። አውቶቡሱ ሊነሣ ሰዓት ሲቀረው ዘጠነኛ ለን ላመሰግን ገባሁ። ከፈተናው በቀር በሦስት ሳምንት ውስጥ ረግጬው አላውቅም። ሁሉም ብድግ አሉ። "ተቀመጡ" ስል አንዲት ልጅ ቆማ ቀረች። ከስማዳ መጥታ ከተማው ውስጥ ተከራይታ የምትማር ናት፤ ቀጭን፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተጣፈ።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂ።"

"እነሱን መርጠው እኛን የተዉን ምን አጥፍተን ነው?"

"ምንም አላጠፋችሁም" ብዬ ጀመርኩ። ማነጻጸሪያ አልኩ፤ ንጽጽር አልኩ፤ ጥናት አልኩ። በአክብሮት ሰማችኝ።

"እኛ ሰነፎቹ ስለሆንን መስሎን ነበር" አለች። "እባክህ አስቀጽለን ብለን አለቃውን የለመንነው እኛ ነን። እሱን አይቀየሙት።"

"የፈተና ቁጥርሽ ስንት ነው?" አልኳት። ነገረችኝ። ያ ትንንሽ ጽሕፈት፣ ያ ስርዝ የሌለው ወረቀት የእሷ ነበር። "ከሁለቱም ክፍል አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ" ስላት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የክፍሉ እልልታ ከግቢው ውጭ ድረስ ተሰማ። ዘጠነኛ ሀዎች ትምህርታቸውን ጥለው በመስኮት ተደረደሩ።

"እንግዲያው ዛሬ አንድ ቀን ያስተምሩን" አለችኝ ከእጆቿ ጀርባ።

አስተማርኳቸው። ድምፅ አውጥተን፣ በዜማ፣ በኅብረት። ሾፌሩ ጡሩንባውን ደጋግሞ ነፋ፤ ቀጥሎ ጥሎኝ ሄደ፤ ግድም አልሰጠኝ። ስንጨርስ አንድ በአንድ እያስነሣሁ ስማቸውን ጠየቅኋቸው፤ እያፈሩ፣ እየሳቁ ነገሩኝ። እሷም በመጨረሻ ተነሥታ፣ ቀና ብላ፣ ስሟን እስከ አያቷ ጠራችልኝ።

ድምፅዋ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። የሹራቧን ጥፍ እንኳ አልረሳሁትም። የፈተና ቁጥሯም ጽሑፌ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ስሟን ግን፣ ልጄ፣ ስሟን ረሳሁት።