ሳይሳሳሙ የማይቀበሉት ዱላ

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሴት በዚህ ዕድሜዋ ሩጫ ስትጀምር የአራዳ ልጅ ዝም ብሎ እንደማያሳልፋት መቼም ታውቃላችሁ። በጠዋት አስፋልት ስንወጣ የታክሲ ረዳቶቹ፣ «እናቶች፣ ማነው የሚያባርራችሁ?» ይሉናል። ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዬ ሩጫዋን ሳታቆም፣ «ውፍረት ነዋ! አንተም ሳይደርስብህ ሩጥ!» ትላለች።

አራት ነበርን። ፀጉር ሠሪዋ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ባለሱቋና እኔ። እሪ በከንቱ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ቧንቧ ስንቀዳ ያደግን ነን። ከባለሱቋ ጋርማ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። የኔ ሽሮ ሲያር «ኧረ አረረብሽ!» ብላ የምትጮኸው እሷ ናት፤ እናቴም ከኔ ለይታ አታያትም።

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለና ምትክ ቤት ሲደርሰን፣ ለአራታችንም በአራት አቅጣጫ ደረሰን። ባለሱቋ ቀድማ ወጣች። ከከተማው ዳር ነው የደረሳት፤ እዚያ ለመድረስ ታክሲ ሲቀያይሩ ግማሽ ቀን ያልቃል።

በዚያው ሰሞን የሰፈሮች የዱላ ቅብብል ውድድር መጣ። አንዷ ከፒያሳ ተነስታ በአራት ኪሎ አድርጋ፣ ሥላሴን ዞራ ስትመለስ ዱላውን ለቀጣይዋ ታስረክባለች። እኛ የጓጓነው ለዋንጫው አይደለም። እስከ ሦስተኛ የሚወጣ ቡድን ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ይሠራል፣ ሯጮቹንም ካሉበት የሚሰበስብ ሰርቪስ ይመደባል ብለውን ነበር። ለኛ ዋንጫው ሰርቪሱ ነው።

«ሦስተኛ ከወጣን በየቅዳሜው እንገናኛለን» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ካልሆነ ግን እንግዲህ ለቅሶ ቤት እንገናኝ።»



ባለሱቋ ከመውጣቷ በፊት በመወልወያ እንጨት ቁራጭ ስንለማመድ ከርመናል። እጅሽን ወደኋላ ዘርጊ፣ ዞረሽ አትዪ፣ ዱላው መዳፍሽን ሲነካ ብረሪ። ምን ይከብዳል?

የውድድሩ ዕለት ባለሱቋ የለችም። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሳ ዱላውን ለፀጉር ሠሪዋ ስትሰጥም አልደረሰችም። ስንደውል «እየመጣሁ ነው፣ ታክሲ አጥቼ ነው» ትላለች። እናቴ ከገመዱ ወዲያ ከተመልካቹ ጋር ቆማ ዓይኗን ከታክሲ ማውረጃው አልነቀለችም። ፀጉር ሠሪዋ ዳገቱን ስትያያዘው ነው ባለሱቋ ከታክሲ ዘልላ የወረደችው። ከስታለች። ሰላም ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረም፤ ጫማዋን አጥብቃ መስመሩ ላይ ቆመች፣ እጇንም እንደተማርነው ወደኋላ ዘረጋች።

ፀጉር ሠሪዋ ሦስተኛ ሆና መጣች። ሦስተኛ! ቀጥዬ የምሮጠው እኔ ስለነበርኩ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ። ዱላውን ልታቀብል ስትል ያችን የከሳች ጀርባ አየች።

«አንቺ! መጣሽ?»

ባለሱቋ ዞረች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ አንገት ላንገት ተያያዙ። በቀኝ፣ በግራ፣ ደግሞ በቀኝ።

«ልጆቹስ? ቤቱስ ተስማማችሁ?»

«ውሃ የለውም እንጂ ደህና ነው። አንቺስ? እግርሽን ተሻለሽ?»

ዱላው በሁለቱ ደረት መካከል ተጨፍልቆ ቀርቷል። ባለፊሽካው ሰውዬ ጉሮሮው እስኪደርቅ ነፋ። ከተመልካቹ አንዱ «ወንበር አምጡላቸው!» አለ። ሌላው ተቀብሎ «ሻይም ይታዘዝ፣ ሒሳቡ በኔ!» ሲል መንገዱ በሳቅ አውካካ። አራተኛዋ አለፈች። አምስተኛዋም አለፈች።

«ሩጪ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ባለሱቋ ደንግጣ ዱላውን ነጥቃ ልትነሳ ስትል፣ እናቴ ገመዱን አንስታ ገባች።

«ልጄን ሳልስማት ልትሄድ ነው?»

«እማማ፣ በሞቴ፣ በኋላ!» አለች ባለሱቋ።

«በኋላ ማለት መቼ ነው?»

ባለሱቋ ቆማ ጉንጮቿን ሰጠቻት፣ ከዚያ እንባዋን ዱላውን በያዘው እጇ እየጠረገች ሮጠች።

እንዴት እፈርድባቸዋለሁ? እኛ ሰፈር ተለያይቶ የከረመ ሰው ሳይሳም አይታለፍም። ያንን ደግሞ ማንም አላስለመደንም፣ አብሮን ያደገ ነው።

ዱላው ለኔ ሲደርስ አምስተኛ ነበርን። ሥላሴ ጋ አንዷን አለፍኩ። ዳገቱ ላይ ሦስተኛዋ ከፊቴ ነበረች፤ የሹራቧን ላብ አየዋለሁ፣ ትንፋሿን እሰማዋለሁ። እጄን ብዘረጋ የምነካት ይመስለኛል። አልደረስኩባትም።

አራተኛ ወጣን።

ባለሱቋ ላቧ ሳይደርቅ «ታክሲ ሳይጠፋ» ብላ ተነሳች። ማኪያቶ እንኳ አብረን አልጠጣንም። ፀጉር ሠሪዋ፣ ያ ሁሉ አፏ የት እንደገባ እንጃ፣ መሬት መሬት ታያለች። ብዙም ሳይቆይ የጭቃ ግድግዳችን ፈረሰ፤ እኛም ወደደረሰን ኮንዶሚኒየም ሄድን። ቅዳሜ ሲመጣ በመስኮት አያለሁ። የሚመጣ ሰርቪስ እንደሌለ እያወቅሁ አያለሁ።

አንድ ቅዳሜ እኔ ሥራ በሄድኩበት እናቴ ዳቦ ደፍታ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ ባለሱቋን ልትጠይቅ ብቻዋን ወጣች። ታክሲ እየቀያየረች ደረሰች። ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባት። ብትደውል ስልኩ አይሠራም። ያገኘችውን ሁሉ ጠየቀች፤ እዚያም ያለው ሰው አዲስ ነውና ማንም ማንንም አያውቅም። አመሻሽ ላይ ዳቦውን እንደያዘች ተመለሰች። ጫማዋን አወለቀች፣ ዳቦውን ቆረሰችና፣ ስማቸውን ለማናውቃቸው ጎረቤቶቻችን በየበሩ አዳረሰች።