ለቀለጠ የኋላ መብራት የሚገባ ምስጋና

ምስጋና መጻፍ ለእጄ እንግዳ ነው። መውቀስ ይቀለኛል፤ ለብዙ ዓመት የኖርኩትም ሌሎች የወደዱትን ነገር ለምን እንዳልወደድኩት በማስረዳት ነው። ሆኖም ሐርጌሳ ውስጥ ከሰውም ከመጽሐፍም አስቀድሜ ላመሰግነው የሚገባኝ አንድ ነገር አለ፤ የመኪናችን የግራ የኋላ መብራት። ያ መብራት ባይቀልጥ ኖሮ ጋሼ ዓይናቸውንም መሪያቸውንም ያጡ ነበር፤ አብረዋቸው የሚሳፈሩት ልጆች ደግሞ ምን ሊያጡ እንደሚችሉ ባላስበው እመርጣለሁ።

ጋሼ ባለቤቴ በምትሠራበት የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ናቸው። ስድሳን ተጠግተዋል። በጉልምስናቸው ከጅግጅጋ በውጫሌ ድንበር በኩል ወደዚህ ጭነት ያመላልሱ ነበር፤ ከዚያ አንድ ቀን እዚሁ ቀሩ። መኖሪያቸው ጅግጅጋ ያር ሰፈር አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። ከመሪ ሌላ ሙያ የላቸውም፣ ሌላ ሙያ እንዲኖራቸውም ተመኝተው አያውቁም። እኔ በበኩሌ ሚስቱን ተከትሎ የመጣ ባል ነኝ፤ ቀን ቀን ቤት ተቀምጬ እጽፋለሁ፣ ጽሑፉ እምቢ ሲለኝ መኪናዋን እነካካለሁ።

ዓርብ ቢሮም የግንባታ ሥራም ስለሚዘጋ ከከተማ ወጣ እንላለን። እኛ በመኪናችን፣ ጋሼ ደግሞ በራሳቸው አሮጌ መኪና፤ ግንባታ ላይ የሚሠሩ ሦስት አራት የአገር ልጆችን ይጭናሉ። መንትዮቹ ኮረብታዎች አካባቢ ምሳ እንበላለን፣ ስለ አገር እንጨቃጨቃለን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንመለሳለን። ስንመለስ ጋሼ ሁልጊዜ ከኋላችን ናቸው። «ልምድ ያለው ሰው ጭራ ይሆናል» ይሉ ነበር፤ «በጭነት መኪና ጊዜ እንዲህ ነበር ደንቡ።» እኔ የማንንም ደንብ ሳልከራከር የማልፍ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ግን ወደድኩት። ከኋላ የሚጠብቅህ ሰው ሲኖር መከራከር ምን ያደርጋል?

የዚህ አገር መንዳት ደግሞ ለብቻ አይሆንም። መንገዱ በቀኝ ነው፤ መኪኖቹ ከሩቅ ምሥራቅ በዱባይ በኩል ተገዝተው ስለሚመጡ መሪያቸውም በቀኝ ነው። የፊተኛውን መኪና ለመቅደም ብትፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን የሚያየው አንተ ሳትሆን ግራህ የተቀመጠው ሰው ነው። ባለቤቴ «ቆይ» ስትል እቆያለሁ፣ «አሁን» ስትል እሄዳለሁ። በሌላ በማንኛውም ጉዳይ ይህን ያህል እንደማልታዘዛት እሷም ታውቃለች።

ነገሩ የጀመረው አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ እንደደረስን ጋሼ መኪናቸውን ከኋላችን አቁመው ወረዱ።

«አንተ፣ ይኼ የኋላ መብራትህ እኮ አይታይም። ሻማ ለኩሰህ ነው እንዴ የምትሄደው?»

«ይሠራል እኮ ጋሼ።»

«መሥራቱንማ ቢሮክራሲም ይሠራል።»

በማግስቱ ዋሄን ገበያ ጫፍ ላይ ወዳለው መለዋወጫ ሻጭ ሄድኩ። ሻጩ ልጅነቱን ድሬዳዋ ያሳለፈ ሶማሌ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። ጠንካራ አምፖል እንደምፈልግ ነገርኩት። ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ ዋቱ ከፍ ያለ አንድ ጥንድ አወጣ።

«ወላሂ፣ ይኼ አምፖል አይደለም፤ ፀሐይ ነው።»

«ለዚህ መኪና ይሆናል?»

«ይገባል አይደል? ከገባ ይሆናል!»

ሐሳቡ ጥልቅ መሰለኝ። ብዙ የተከበሩ ሰዎች ሹመት የሚያገኙት በዚሁ መመዘኛ ነው። አስገባሁትና ወደ ቤት ነዳሁ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከገበያ ስንመለስ ባለቤቴ አየሩን አሸተተች።

«የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው።»

«ሰፈሩ ቆሻሻ እያቃጠለ ይሆናል።»

«ቆሻሻው ታዲያ ለምን ይከተለናል?»

ወርደን አየን። የግራው ቀይ ሽፋን፣ ጥርስ እንደረገፈ ሰው ጉንጭ፣ ወደ ውስጥ ገብቷል። አምፖሉ የሚሰካበት ፕላስቲክ ጠቁሯል። «ፀሐይ ነው» ያለኝ ሰው ቢያንስ አልዋሸኝም።

ተመልሼ ሄድኩ። ሻጩ የቀለጠውን ሽፋን አገላብጦ አየና ሳያፍር መፍትሔውን ነገረኝ፤ ኤልኢዲ። አይሞቅም፣ ባትሪ አይበላም፣ ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ ለሠርግ ከፈለግህ ሰማያዊም አለ።

እዚህ ላይ አቋሜን መናገር አለብኝ። ኤልኢዲ አልወድም። ክር ያለው አምፖል ሲበራ ይሞቃል፣ ሲያረጅ ይደክማል፣ ሲሞት ይሞታል፤ ኑሮው ኑሮ ነው። ኤልኢዲ ግን ሙቀት የሌለው ብርሃን ነው፤ የስብሰባ አዳራሽ ፈገግታ። ይህን ሁሉ እራት ላይ ለባለቤቴ አብራራሁላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጨረስክ?»

«ለጊዜው።»

«እንግዲያው ኤልኢዲ አስገባ። መኪና ውስጥ ተቃጥዬ መሞት አልፈልግም።»

ቀዩን ገዛሁ። አዲስ ሽፋንም ተገጠመ። ለረጅም ጊዜ አብርቼ ብነካው እውነትም ቀዝቃዛ ነው፤ ተናደድኩ።

የቀጣዩ ዓርብ መልስ ላይ ግን ጋሼ ከመኪናቸው ሲወርዱ ግንባራቸውን እያሹ ነበር።

«ምንድን ነው ያስገባኸው? እሾህ ይረጫል እኮ! መንገዱን ሙሉ እሾህ ዓይኔ ውስጥ።»

የተሰማኝ ደስታ ቀላል አልነበረም። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «ሰማሽ? አርባ ዓመት የነዳ ሾፌር ነው የሚናገረው።» ከዚያ ጋሼና እኔ በር ላይ ቆመን በዘመኑ ብርሃን ላይ ፈረድን። የባጃጆቹ መብራት፣ የሱቆቹ መብራት፣ የአዳዲሶቹ መኪኖች የፊት መብራት፣ ሁሉም እሾህ ነው፤ ከተማውን አበላሹት። እሳቸው አንድ ሲሉ እኔ ሁለት እጨምራለሁ። እንደዚያ ቀን ሰው ተስማምቶኝ አያውቅም። ለካ እሳቸው ሕመማቸውን ነበር የሚናገሩት፤ እኔ ደግሞ ሐሳቤን መሰለኝ።

ኤልኢዲውን አወጣሁና ለመኪናዋ ልክ የሆነውን፣ ድሮ የነበራትን ዓይነት ተራ አምፖል አስገባሁ። አሸናፊ ነበርኩ። በሚቀጥለው ዓርብ ሄደን ተመለስን፤ ጋሼ ወረዱ።

«አሁንም ፀጉር አለው» አሉ።

«ምን አለው?»

«ፀጉር። ዙሪያውን ፀጉር።»

ተራ አምፖል፣ አዲስ ሽፋን፣ ፀጉር። የምወቅሰው ዘመናዊ ነገር አጣሁ። «አዲሱ ሽፋን ይሆናል» አልኩ፤ «እስቲ ከኋላ ቁሙልኝ፣ ፍሬኑን ልርገጥ።» ሰው የራሱን የፍሬን መብራት ማየት ስለማይችል ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚፈተሸው፤ አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ይጮኻል። ባለቤቴ የምሳውን ዕቃ ወደ ቤት እያስገባች ነበር። ልጆቹ ጅግጅጋ ያር እስኪደርሱ ቸኩለው በጋሼ መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ ናቸው።

«ርገጥ!» አሉ ጋሼ። ረገጥኩ። «ልቀቅ!» ለቀቅኩ። «ርገጥ!»

«እንዴት ነው?»

«ሁለቱም በርተዋል! ከፀጉሩ በቀር ምንም አልጎደለው።»

ባለቤቴ ለሁለተኛ ዙር ከቤት ስትወጣ በመኪናው ኋላ አለፈች፤ ቆመች።

«የቱ ሁለቱ? ግራው የለም እኮ።»

«አለ!»

«ጋሼ ይሙቱ የለም።»

«አንቺ ደግሞ! አንተ፣ አጥብቀህ ርገጥ። ይኸው፤ አንድ፣ ሁለት።»

በጎን መስታወት እያየኋቸው ነበር። ጣታቸውን ሁለት ጊዜ ቀሰሩ። ሁለቱንም ጊዜ የጠቆሙት ወደ ቀኙ መብራት ነው።

እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳላነሳ ቀረሁ። የሞቀው አምፖል ያጠቆረው የግራ መሰኪያ መገናኘቱን አቁሞ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ይኼ ኋላ የገባኝ ነው። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሼ አንዱን መብራት ሁለት አድርገው ያያሉ፤ አራት ሰው ጭነው ሊሄዱ ነው።

ባለቤቴ የያዘችውን ዕቃ መሬት አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እስቲ ቀኝ ዓይንዎን ይሸፍኑልኝ።»

«ምን ሊሆን?»

«ይሸፍኑልኝ። ስንት ጣት ነው የያዝኩት?»

እጇ ከፊታቸው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

«መሽቷል እኮ» አሉ። አልመሸም። ሰማዩ ገና ቀይ ነበር።

ከዚያ እጃቸውን ከዓይናቸው ላይ አንስተው ትክ ብለው አዩዋት። «የኔ ልጅ፣ አሁን የምትጠይቂኝ እንደ ቢሮ ነው ወይስ እንደ ልጅ?»

ባለቤቴ በዚያ ድርጅት አስተዳደር ክፍል ውስጥ ናት። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ዓይኑ እንጂ አእምሮው እንዳልደከመ ግልጽ ነው።

«ዛሬ እንደ ልጅ ነው» አለች። «በሚቀጥለው የሥራ ቀን ጠዋት ግን ቢሮ እገባለሁ። ከእኔ በፊት እርስዎ እንዲነግሯቸው ነው የምፈልገው።» እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ይስጡኝ።»

መኪናው ውስጥ ካሉት ልጆች አንዱ «ጋሼ፣ አንሄድም እንዴ?» አለ። ጋሼ ቁልፉን በእጃቸው ውስጥ ትንሽ አገላበጡት፤ ከዚያ ሰጧት።

በእሳቸው መኪና ሁሉንም ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ከግራዬ፣ ባለቤቴ በምትቀመጥበት ወገን ተቀመጡ። ከፊታችን አንድ የውሃ ቦቴ ይጎተታል። ከልምድ የተነሳ «ልለፈው?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉ። «አንተው እይ።»

ቦቴውን ተከትለን በዝግታ ሄድን። ብዙም ሳንቆይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ፣ እንዲህ አሉኝ።

«ከኋላ የምሄደው ልጠብቃችሁ መስሎህ ነበር?»

«እንደዚያ ነበር ያሉን።»

«መብራትህን ይዤ ነው ከተማ የምገባው። አንተ ስትታጠፍ እታጠፋለሁ። ድሮ ደንብ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ የማየው የለኝም።»

«ቀን ቀንስ፣ ሥራ ላይ?» አልኳቸው።

«ቀን ይሻላል። ቀን የለመድኩት መንገድ ነው።»

በሥራ ቀኑ ባለቤቴ ቢሮ ስትደርስ ጋሼ ከኃላፊው ክፍል እየወጡ ነበር፤ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን ጠርገው። ራሳቸው ነግረዋል። መባረርን ጠብቀው ነበር። የተባሉት ግን፣ እስኪታከሙ የመኪኖቹን ስምሪት ከቢሮ ሆነው ያስተባብሩ፣ ሐኪም ከፈቀደላቸው ወደ መሪያቸው ይመለሳሉ የሚል ነበር። ባለቤቴ እጇ እንደሌለበት ትምላለች። አላምናትም፤ ግን አመሰግናታለሁ።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ፤ ግራው የባሰ፣ ቀኙም የጀመረው፤ በቀዶ ሕክምና የሚነሳ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፈሩ። ቤታችን መጥተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ዓይኔን ነክተውት ጭራሹን ቢያጠፉትስ?»

«አሁንስ?» አለች ባለቤቴ።

ትንሽ አሰቡና ሳቁ፤ ሄዱም። ግራው ተሠራ፣ ቆይቶ ቀኙም። የግራው መሸፈኛ ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። «ይኼ ሁሉ ሽበት የመቼ ነው?» አሉኝ። «እኔ እኮ ልጅ ነህ እያልኩ ስታገስህ ነበር!»

መሰኪያው ተቀይሮ ኤልኢዲውን መልሼ አስገብቼዋለሁ፤ ቀዩን። ይበራል፣ አይሞቅም፣ ምንም አያቀልጥም። ስለ ሙቀት አልባ ብርሃን ያለኝን ሐሳብ አልለወጥኩም፤ ሐሳቡን ግን ከመኪናዋ ላይ አውርጄዋለሁ።

ሐኪሙ ከፈቀደላቸው በኋላ ጋሼ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጥተው «ና፣ ገበያ ላድርስህ» አሉኝ። ግራ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሐርጌሳ ሱቆች የሚሸጡትን ግድግዳቸው ላይ ይሥላሉ፤ ጋሼ የሶማልኛ ጽሑፉን አያነቡም፣ ሥዕሎቹን ግን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ባትሪ። መቀስ። ግመል፤ ጥሩ ግመል። አንተ፣ ያ ጥርስ ነው? ጥርስ ነው! እዚህ ጥርስ ሐኪም ነበር እንዴ?» እንደዚያ እያሉ ነበር፤ በመሐል ድንገት መኪናውን አቆሙ። ከሁለት የቆሙ መኪኖች መካከል አንድ ተሸካሚ፣ ጋሪው ላይ ጆንያ ከምሮ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ መንገዱ ውስጥ ገባ። የወጣው በእኔ በኩል ነበር። እኔ ያየሁት ከቆምን በኋላ ነው።

«አየኸው?» አሉኝ።

«አላየሁትም።»

«የእኔ ዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ ታዲያ» አሉ፤ አልሳቁም። ተሸካሚው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ጋሪውን እየገፋ ወደ ዋሄን ገባ።