ልብስ የሰፋሁለት ሳጥን

ይህ የሆነው ካቻምና በበጋው ወራት ነው። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀውን ነገር ያወቅሁበት ስለሆነ አልረሳውም።

ጊዮርጊስ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከመደርደሪያዬ በላይ ብዙ ገመድ የተሰካበት፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ጠፍጣፋ ሳጥን አለ። ስዊች ይሉታል። የሐኪሞቹንና የላቦራቶሪውን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው እሱ ነው።

ያኔ በአካባቢያችን ቤት እየፈረሰ ስለነበር አቧራው አይጣል ነው። ውድ ዕቃ ነው ብዬ አቡጀዲ ደርቤ፣ ጠርዙን ዳንቴል አድርጌ፣ እንደ ቴሌቪዥን ልብስ ሰፋሁለት። ማምሻውን አሥራ አንድ ተኩል ስወጣ አለብሰዋለሁ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስገባ እገልጠዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የሚነገር ነገርም አልመሰለኝም።

ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ጠዋት ኔትወርክ ይጠፋ ጀመር። የላቦራቶሪ ውጤት ለሐኪም አይደርስም፤ በሽተኛ ኮሪደር ላይ ይከማቻል። ኔትወርኩን የሚከታተለው ባለሙያ፣ ቢኒያም፣ ከአምስት ኪሎ እየተጠራ ይመጣል። ሳጥኑን አጥፍቶ ያበራዋል፣ ይሠራል፣ ጥፋት አያገኝበትም። በመጨረሻ ሳጥኑ በአዲስ ተቀየረ። አዲሱም ያው ሆነ።

አንድ ረቡዕ ሥራ አስኪያጃችን በሰው ፊት፣ "ሳጥኑን ቀይረናል፤ አሁን የቀረን አንተን መቀየር ነው። እስከ ዓርብ እጠብቅሃለሁ" አለው። ቢኒያም ኮምፒውተሩን ይዞ እኔ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ።

"ምን ታያለህ?" አልኩት።

"ሙቀቱን ነው ማዘር። ሳጥኑ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ነው ሥራ የሚያቆመው። ቢሮዬ ሆኜ በየአምስት ደቂቃው እጠይቀዋለሁ፣ ይመልስልኛል።"

"ማን? ሳጥኑ?"

"አዎ። ስንት ገመድ እንደሚሠራ፣ ከበራ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ። የትኛውም ፋብሪካ ይሥራው፣ ሁሉም የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ አላቸው። ሲብስበት ደግሞ ሳልጠይቀውም ይጮኽብኛል።"

ገረመኝ። ወንበሬን አስጠግቼ አየሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የሙቀቱ መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ መውጣት ይጀምራል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይወርዳል። እሑድ ቀኑን ሙሉ ከላይ ነው።

"ማታ ሥራ የለበት፤ ምን እንደሚያሞቀው ነው ያጣሁት" አለ።

እኔ ግን ገባኝ። የማየው የራሴን መግቢያና መውጫ ሰዓት ነበር።

"ማን ምን እንዳደረገውስ ይናገራል?"

"ኧረ ማዘር! ስለ ራሱ ብቻ ነው የሚያወራው። ሰው አያማም።"

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ዓርብ ግን ከነገ ወዲያ ነው። መሳቢያዬን ከፍቼ ልብሱን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አገላብጦ አየው።

"ዳንቴልም አለው እንዴ!" ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ተነሥቼ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁና ያደረግሁትን ነገርኩት። "ቢኒያምን ይጥሩልኝ" አለኝ። ጠርቼው ሲገባ፣ በሩን ከመዝጋቴ በፊት ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ሲጠይቀው ሰማሁ።

ቢኒያም ዛሬም የእኛን ኔትወርክ ይከታተላል። ሲመጣ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ያዞርልኛል፤ እኔም ያልገባኝን እጠይቀዋለሁ። ስለዚያ ነገር ግን አሁንም ትንሽ አፍራለሁ። ሳጥኑ ሞቀኝ እያለ እስከ አምስት ኪሎ ሲናገር፣ አጠገቡ የነበርኩት እኔ አልሰማሁትም።