በእንግሊዛዊው አክተር ጆሮ ውስጥ

የዛሬ ወር፣ እሑድ ከሰዓት... መድረክ ጀርባ ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ፣ አንድ የታወቀ እንግሊዛዊ አክተር የሚናገረው ጠፍቶበት ሲንቀጠቀጥ አየሁት። የጠፋበትን ቃል እኔ አውቀው ነበር። አፌ ላይ ነበር። አልነገርኩትም።

ሰውየው ማን እንደሆነ ላስተዋውቃችሁ። ስሙን አልጠራም። አገሩ ላይ በሃያ ዓመቱ መድረክ የጀመረ፣ ከዚያ በቴሌቪዥን ለዓመታት መርማሪ ፖሊስ የሆነ፣ ከዚያ ደግሞ በፊልም ጳጳሱንም ጄኔራሉንም ክፉውን አባትም እየሆነ ያረጀ ሰው ነው። ፊቱን ብታዩት «እንዴ፣ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» ትላላችሁ።

እኔም አውቀዋለሁ... ከሰባት ዓመት በፊት እዚሁ ቶሮንቶ ተከታታይ ድራማ ሊሠራ መጥቶ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ትያትር ተምሬያለሁ፤ እዚህ ስመጣ ያገኘሁት ግን ኤክስትራ መሆን ነው። ከኋላ ማለፍ። ያን ጊዜ ግን አንዲት ነርስ ደረሰችኝ፤ አንድ መስመር ንግግር ያላት። «ዶክተሩ እየመጡ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ።» በቃ፣ ይቺው ናት። ከሰፈሬ ከቶርንክሊፍ ፓርክ እስከ ምድር ባቡሩ ድረስ ባስ ላይ ለሁለት ሳምንት ተለማመድኳት፤ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ቦታ ይቀይር ነበር። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። እሷ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው።

የቀረጻው ቀን እሱ አልጋ ላይ ተኝቷል። ገባሁ፣ መስመሬን አልኩ። ከአልጋው ቀና አለና እኔን ሳይሆን ዳይሬክተሩን እያየ፣

«ይቅርታ... ምን እንዳለች የገባው ሰው አለ?» አለ።

ሰው ሳቀ። ብዙ ሰው። ንግግሩን ለሌላ ልጅ ሰጡት፣ እኔ ትራስ ይዤ ከኋላ እንዳልፍ ተደረገ። እናቴ እስከ ዛሬ «ያ ነገር መቼ ነው የሚታየው?» ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ ትወናውን ተውኩት። የመድረክ ጀርባ ሥራ ተምሬ ረዳት ስቴጅ ማናጀር ሆንኩ። ዘንድሮ ያው ሰውዬ እኛ ትያትር ቤት ሊሠራ መጣ። አርጅቷል፣ ቃል አይዝም። ስለዚህ የማትታይ ትንሽ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ይደረግለታል፤ ሲጠፋበት አንድ ሰው ከመድረክ ጀርባ ሆኖ ይነግረዋል። ረዳቶቹ ሦስት ነበርን። የሦስታችንንም ድምፅ ሞከረና እኔን መረጠ።

«ይቺ ትሁን። ቃሏ ጥርት ያለ ነው» አለ።

አላወቀኝም።

ትያትሩ ጡረታ የወጣ ዳኛ ሴት ልጁን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ ነው። መጨረሻው ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ «ያን ቀን በሩን የቆለፍኩብሽ እኔ ነኝ» ይላታል። የትያትሩ ነገር በሙሉ እዚያች ላይ ነው ያለው።

ያን እሑድ እዚያች ላይ ደረሰና ቆመ። ጠረጴዛውን በጣቱ ሁለቴ መታ። ምልክታችን ነው... «ስጪኝ» ማለት። ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። እና ዝም አልኩ።

ሳላስበው ነው ብላችሁ ውሸት ነው። ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ሳስበው ነበር።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እየቆጠርኩ ነው። እንደገና መታ። ልጁን ሆና የምትሠራው አክትረስ ዓይኗ ፈጠጠ። አለቃዬ በሬዲዮ «ስጪው እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» ትለኛለች። ሰባት፣ ስምንት... ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ደስ አለኝ።

አሥራ አንድ ላይ የልጅቷን እጅ ያዘና፣

«ልጄ... ልነግርሽ የመጣሁት ነገር ጠፋኝ» አላት።

እንባው መጣ። የምር እንባ። አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ ሰዉ ረድፍ በረድፍ ተከተላት። እኔም ደንግጬ ቀጣዩን መስመር ሰጠሁት፣ ጨረሰ። ተነሥተው አጨበጨቡለት። ላዋርደው ብዬ አነገሥኩት።

መልበሻ ክፍሉ አስጠራኝ። ተባረርኩ ብዬ ገባሁ።

«ማዳመጫው ተበላሽቶ ነው እንዳትይኝ። ስትተነፍሺ ይሰማኝ ነበር።»

«አልተበላሸም» አልኩት።

«ታዲያ ለምን?»

ነገርኩት። ነርሷን፣ አልጋውን፣ የሳቁትን ሰዎች፣ እናቴን። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ይቅርታ ልልሽ እችላለሁ» አለ። «ግን ጨርሶ አላስታውሰውም።»

ይሄ ከሳቁ በላይ አንገበገበኝ። ሰባት ዓመት የተሸከምኩት ነገር እሱ ጋ አንድ ቀን እንኳ አላደረም።

ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋኝ። «በሚቀጥለው ሾውም እንደዚያው አድርጊው። እዚያችው ቦታ ላይ። ለአለቃሽ ተስማምተን ነው እላታለሁ... እባክሽ።»

ለአለቃዬ ነገራት፣ እኔም ከመባረር ተረፍኩ። በነጋታው አንድ ጋዜጣ ሰውየው በሕይወት ዘመኑ እንደዚህ ተውኖ አያውቅም ብሎ ጻፈ።

በሚቀጥለው ሾው እዚያች ቦታ ላይ ደረሰ። ጠረጴዛውን አልመታም። ቁጭ ብሎ ዝምታዬን ጠበቀ። እኔ ጠጋ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ ጥርት አድርጌ፣ «ያን ቀን በሩን የቆለፍኩብሽ እኔ ነኝ» አልኩት።

ትከሻው ወደቀ። ቃሉን ደገመው፣ ሰው አጨበጨበ፣ ኮቱን ለብሶ ሄደ።

በማግስቱም እንደዚያው። በሳልስቱም። አንዳንዴ በራሱ ዝም ለማለት ይሞክራል... ግን ቃሉ ጆሮው ውስጥ እያለ የሚያስመስለው ዝምታ ያስታውቃል። ጋዜጣውን አንብበው የመጡ ሰዎች ሲወጡ «ጥሩ ነው፣ ግን...» ሲባባሉ እሰማ ነበር።

ትናንት የመጨረሻው ቀን ነበር። መውጫው ላይ ጠብቆ አገኘኝ።

«አንድ ቀን እንኳ?» አለኝ።

«የተቀጠርኩት ቃል ልሰጥ ነው» አልኩት።

እግዜር ይቅር ይበለኝ... ሥራዬን እንደዚህ ወር በትክክል ሠርቼ አላውቅም።