ጥይቱን ራሱ የሚሞላው ሽማግሌ

ሊልበርን ከተማ ተኩስ መለማመጃው ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚመጣ ሽማግሌ አለ። የተተኮሰ ቀለህ ለቅሞ ቤቱ ባሩድ እየሞላ ነው መልሶ የሚተኩሰው። ባለፈው ጥይቱ አልገባ አለውና የጠመንጃውን መቀርቀሪያ በመዳፉ ይደበድብ ጀመር። እኔ ደሞ አያስችለኝም! ጥይቱን በማርከር አጠቆርኩትና አስገብቼ አወጣሁት፤ የሚያጣብቀው ቦታ ላይ ቀለሙ ይፋቃላ። ቀለሁ የሚጠብበት ጋ ቁልጭ ብሎ ተፍቋል።

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የተፋቀው?»

ምንም ያልተፋቀውን ጫፉን በጥፍሩ ነካ። «እዚህ ነዋ!»

«እንዴ! አይታይህም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

የመለማመጃው ተቆጣጣሪ፣ ሐበሻ ነው፣ ሰምቶ መጣ። «ሶሪ አባባ፣ ካልታየዎት ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይተኩሱም።»

ሽማግሌው ጥይቶቹን ከጠረጴዛው ላይ በዳበሳ ለቀመ። «አሁን ደስ አለህ?» አለኝ።

አራቱን ሳያገኛቸው ሄደ። አልነገርኩትም።