አዛን ያቆመው ግጥሚያ

«አንቺ ቁልፍ ትቀጠቅጫለሽ እንጂ አትጫወቺም።»

ይህን ያለኝ ጀማል የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ያውም ጌም ቤቱ ሙሉ ወንድ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም መዳፌን ያልበኛል።

ጀማል ልክ ነበር። የድብድብ ጌም ስነካ የመጀመሪያዬ ነው። ቶሎ ቶሎ መምታት ብቻ መስሎኝ ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ ተጫንኩ። አንድ ቡጢ ሳይነካው ጣለኝ። ሁለተኛውንም ዙር እንዲሁ። ልጆቹ ሳቁ። «ያላ፣ ተነሺ፣ ወረፋ አለ!»

ስወጣ የጌም ቤቱ ባለቤት ዐም ሐሚድ፣ የአባቴ የአገር ልጅ ስለሆነ «ዐም»፣ አጎት፣ የምለው፣ ሽቦው የተቆረጠ ጆይስቲክ ሰጠኝ። «መጀመሪያ መከላከል ልመጂ» አለኝ። «ወደ ኋላ ስትይዢው ይመክትልሻል። መምታቱ ይደርሳል።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከምንም ጋር ያልተያያዘ ጆይስቲክ ስጫን ከረምኩ። አንሶላ ተከናንቤ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ምት። አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ የጌም ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጀማልን አየዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ጉልበቱ ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ እንደሚዘል ያወቅሁት እዚያ ነው።

በር ላይ መቆሜን ሰው አይቶ ለወንድሜ ነገረው። አባታችን ቁረይሻ የሚባል ገጠር እርሻ ላይ ስለሚከርም ቤቱን የሚያዘው ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነበር፤ ራክሻ፣ ባጃጅ ማለት ነው፣ ይነዳል። ሰይድ ሲቆጣ አይጮኽም።

«ዘሃራ፣ እዚያ የወንድ ቤት ደግመሽ ታየሽ ማለት፣ ትምህርት ኸላስ፣ አበቃ። ወድ ኤል ሒለው ያለችው አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ።»

ያለውን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ለፈተና የቀረኝ ሁለት ወር ነበር።

ሄድኩ። ሞኝነት ነው፤ ግን ሄድኩ። ሐሳቤ ከአስር ሶላት አዛን በፊት አንድ ጨዋታ ጨርሼ መሮጥ ነበር፤ ሰይድ አስርን የሚሰግደው ከጌም ቤቱ ጎን ባለው መስጊድ ነው።

የራስ ሻሼን፣ ነጭ ጠርሃዬን፣ እስከ ቅንድቤ ስቤ ጀማል አጠገብ ተቀመጥኩ። ማንም የማይመርጠውን ሽማግሌ ባለ ዱላ ተደባዳቢ መረጥኩ። የመጀመሪያውን ዙር ጀማል ወሰደ። ሁለተኛውን እኔ።

ሦስተኛው ዙር መሀል ላይ አዛን ተሰማ።

ዐም ሐሚድ በሶላት ሰዓት ጨዋታ አያስነካም። ግጥሚያችንን ባለበት አቆመና ቴሌቪዥኖቹ ላይ ጨርቅ ጣለ። ሁሉም ለሶላት ተነሱ። ጀማል በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ስንመለስ ካላገኘንሽ ተሸነፍሽ» አለኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። ግድግዳው ስስ ነው፤ የኢማሙ ተክቢራ ይሰማል። በጓሮ በር ብወጣ ማንም አያየኝም፤ ትምህርቴ ይተርፋል። ቦርሳዬን አነሳሁ። አስቀመጥኩት። እንደገና አነሳሁት። ጀማል ጫማውን እያጠለቀ ሰይድ አጠገብ ምን እንደሚያወራ ታየኝ። ደግሞ ተመልሶ «ሸሸች» ሲል ታየኝ። ይህኛው ባሰብኝ። ቦርሳውን መሬት ጣልኩትና ተቀመጥኩ።

ሰላምታው ተሰማ፤ ሶላቱ አለቀ። የጫማ ኮቴ መጣ።

«ወላሂ አለች!» እያለ ጀማል ቀድሞ ገባ። ከኋላው ዐም ሐሚድ። ከእሱ ኋላ ሰይድ፣ የራክሻውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እንዳንጠለጠለ።

«ተነሺ» አለኝ።

«ልጨርስ።» ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

«ምን አልሽ?»

«ትንሽ ናት የቀረችው። ልጨርስና ግደለኝ።»

አንዱ ሳቀ። ዐም ሐሚድ ጨርቁን ገፈፈ። «ሰይድ ልጄ፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም።» ሰይድ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል።

ጉልበቴ ሊያልቅ ስለሆነ አንድ ምት ካገኘኝ አለቀልኝ። ጆይስቲኩ በላብ ይንሸራተታል። ጀማል መታ፤ ወደ ኋላ ይዤ መከትኩ። መታ፤ መከትኩ። አንዴ አገኘሁት። ሁለቴ። ጉልበቱ ተመናመነ። ዘለለ። ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ምት። ሽማግሌው አየር ላይ በዱላው ቀለበው።

ልጆቹ ጀማል ላይ ጮኹበት። ያሸነፈ ስለማይነሳ ወረፋ የደረሰው ልጅ ሊገጥመኝ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጆይስቲኩን እጁ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።

ሰይድ ራክሻውን አስነስቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ «ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

«ከየት?»

«ከትምህርት ቤት ነዋ! በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ነገ ብቻ አይደለም፤ እስክትፈተኚ በየቀኑ፤ ቀጥታ ወደ ቤት።»

ጀማል ከጌም ቤቱ በር ላይ፣ «ያ ዘሃራ! ነገስ?» ብሎ ተጣራ።

ቦርሳዬን አቅፌ ከኋላ ወንበር ላይ ወጣሁ። ሰይድ ነዳው።